«ድሬዳዋ ላይ የምን ተፈጥሮ ነው?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ (ለዓምዱ እንዲመች አሳጥረነዋል)

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የመጣሁት ለሥራ ሲሆን፣ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሳቢያን አካባቢ ብቻዬን ተከራይቼ እኖራለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ቀን የተናገርኩትን፣ የጻፍኩትን ቁጥር፣ ያልመለስኩትን ስልክ ሳብሰለስል ይነጋል። ቅዳሜና እሁድ ከባልደረቦቼ ጋር ጫት ይዘን በርጫ እንቀመጣለን፤ ያን ጊዜ ቀለል ይለኛል፣ ሰኞ ግን ከአልጋ መነሣት ያቅተኛል። ሐኪም ዘንድ ሄጄ መድኃኒት ታዘዘልኝ። በተጨማሪም ‹ከቤት ወጣ በይ፣ ተፈጥሮ ውስጥ ጊዜ አሳልፊ› ተባልኩ። ሳቄ መጣ። ድሬዳዋ ላይ የምን ተፈጥሮ ነው? ሙቀት፣ አቧራና ባጃጅ! ከመስኮቴ የሚታየኝ ፌስታልና የቤት ፍርስራሽ የሚጣልበት ባዶ ቦታ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ስትንሸራሸር ደግሞ አንዱ ያፈጣል፣ አንዱ ይለክፋል። ይህ ነገር እውነት በጥናት የተደገፈ ነው ወይስ ሐኪሞች ሌላ የሚሉት ሲያጡ የሚሉት ነው? ከሠራስ መድኃኒቱን ሊተካልኝ ይችላል? ባልደረቦቼ ባቢሌ ሄደን ዝሆን እንይ እያሉኝ ነው፤ ልሂድ?

መ. ከሳቢያን»

መልስ

ውድ መ.፣

ድሬ አንቱታ ብዙም አትወድምና «አንቺ» ብልሽ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አለኝ።

መሳቅሽ አልገረመኝም። «ተፈጥሮ ውስጥ ጊዜ አሳልፉ» የሚለው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዝናብ ከጠገበ አገር ነው። የሚሰማውም ሰው በዓይነ ሕሊናው ወንዶ ገነትን ወይም እንጦጦን ይስላል። በሰኔ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ ውስጥ «ወጣ ብለሽ ተንሸራሸሪ» የሚልሽ ሰው ግን ወይ ከተማዋን አያውቃት ወይ ክፉሽን ይመኛል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ጋደም ይላል፣ ውሻው እንኳ ከመኪና ሥር አይወጣም። ይህን ስንፍና ብለው የሚተርኩ እንግዶች አሉ። አንድ ቀን በዚያ ሰዓት ከለገሃሬ ሳቢያን በእግራቸው ቢሄዱ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ነበር።

ስለዚህ ሐኪሙ የነገረሽን ምክር ለድሬ እንዲሆን አድርገን እንተርጉመው። እዚህ ከተማ ተፈጥሮ ከቦታ ይልቅ የሰዓት ጉዳይ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያለችው ድሬና የቀትሯ ድሬ እህትማማቾች እንኳ አይመስሉም። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሦስተኛዋ ትመጣለች። አንቺ እስካሁን የምታውቂው መካከለኛዋን ይመስለኛል፤ ቢሮ የሚውል ሰው ዕጣው ይኸው ነው።

ወደ ሰዓቱና ወደ ቦታው እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን «በጥናት የተደገፈ ነው ወይ?» ላልሽው ልመልስ፤ የሒሳብ ሰው ነሽና ያለ ማስረጃ እንደማትቀበይ ይገባኛል።

እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ በፔንሲልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕሙማን መዝገብ አገላብጦ ያገኘውን አሳተመ። ገሚሶቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ወደ ዛፎች ያሳያል፤ የቀሩት የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ነበር። ዛፍ ሲያዩ የሰነበቱት ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ገብተዋል፤ የወሰዱትም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያነሰ ነበር። ሕሙማኑ 46 ብቻ ስለነበሩ አንቺ ብትሆኚ «ናሙናው ትንሽ ነው» ትዪ ነበር፤ ልክ ነሽ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ጥናቶች ወደዚያው ያመለክታሉ።

ለአንቺ ቀርቦ ያገኘሁት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን ዛፍና ሣር ባለበት፣ ሌላውን መኪና በሚበዛበት አውራ ጎዳና ዳር ለ90 ደቂቃ በእግር አስኬዱ። ዛፍና ሣር መካከል የሄዱት ስለ ራሳቸው ክፉ ክፉውን ማብሰልሰላቸው ቀነሰ። ከዚህ ማብሰልሰል ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴም በምርመራው መሣሪያ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ታየ። የአውራ ጎዳናዎቹ ተጓዦች ላይ ይህ ለውጥ አልተገኘም። ልብ በይ፣ ሁለቱም ወገኖች እኩል ተራምደዋል። እንቅስቃሴ በራሱ ለጤና ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሌሊት የሚያስነቃሽን ነገር በተመለከተ ግን የምትሄጂበት መንገድ ለውጥ አለው።

«ደስ ካላለኝስ?» እንዳትዪኝ ደግሞ ይህን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ዛፍ በበዛበት መናፈሻ ለአንድ ሰዓት ያህል የተራመዱ ሰዎች ከተማ መሐል ከተራመዱት ይልቅ በትኩረትና በማስታወስ ፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ከእነርሱ መካከል በጥር ብርድ ውስጥ የወጡ ነበሩ። በጉዞው እንዳልተደሰቱ በግልጽ ቢናገሩም ጥቅሙ አልቀረባቸውም። ለድሬ ሰው ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። አቧራውን እየረገምሽ ብትሄጂም ይሠራል ማለት ነው፤ ከልብሽ እንድትወጂው የሚያስገድድሽ የለም።

እንዴት ነው የሚሠራው? ራሔልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ምሁራን የሰጡት ማብራሪያ ለእኔ ያሳምነኛል። በራሳቸው ምሳሌ ሳይሆን በእኛው ልንገርሽ። ሐረር ሄደሽ፣ ማታ ከጁገል ግንብ ውጪ ጅብ ሲመገብ አይተሽ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ ሰኞ ሪፖርት ማሰብ እንደማይቻል ታውቂያለሽ። ዓይንሽ ከመንጋጋው አይነቀልም፣ ጆሮሽ ከኋላ ኮሽታ ይጠብቃል። ሐሳብሽን ትረሺዋለሽ፣ ግን አላረፍሽም። ስልክ ላይ ተራ በተራ የሚመጡት አጫጭር ቪዲዮዎችም ከጅቡ ወገን ናቸው። ቅጠል በነፋስ ሲርገበገብ፣ ዋኖስ ውሃ ሲጠጣ፣ ደመና ተራራ ላይ ሲጎተት ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ዓይንን ይስባል፣ አያስጨንቅም፤ የሚጠብቅብሽም መልስ የለም። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ከቁጥር ሲያመሳክር የዋለው የአእምሮሽ ክፍል ያን ጊዜ ሥራ ይፈታል። ሐሳቡ ቢመጣም ይመጣና ያልፋል፤ የሚይዘው ስለሌለ አይሰነብትም።

ምን ያህል ጊዜ ይበቃል? እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ ውስጥ 20,000 ያህል ሰዎችን መሠረት አድርጎ የወጣ ጥናት፣ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ጭራሽ ከማይወጡት ይልቅ ጤናቸውና ደኅንነታቸው የተሻለ እንደሆነ መናገራቸውን አሳይቷል። ሁለቱን ሰዓት በአንድ ጊዜም ይሁን በየቀኑ እየቆራረጡ መውሰድ ለውጥ አላመጣም። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነቱ ጥናት የሚያሳየው ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ነው፤ ቀድሞውንም ደኅና የሆነ ሰው ብዙ ይወጣ ይሆናል። ስለዚህ 120ን እንደ ሐኪም ትእዛዝ አትቁጠሪያት። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ እሁድ ጠዋት ረዘም ያለ ጉዞ ብታደርጊ ሳታስቢው ትሞላለች።

እንግዲህ ወደ ድሬ እንምጣ።

ከሳቢያን በባጃጅ ወደ ከዚራ ሂጂ፤ በንጋት ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ የተቀየሰው ሰፈር እስከ ዛሬ ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ አለው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝም ኒም ተሰልፏል። ኒም የሕንድ ዛፍ ነው፤ ድርቅ ይችላል፣ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው። አበባው ነጭና ደቃቅ ስለሆነ ካላስተዋልሽው አይታይም፤ ሽታው ግን ማር ማር ይላል። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ይሆንና አስፋልቱ ላይ ይረግፋል፤ በነጠላ ጫማ ሲረግጡት ጧ ብሎ ይፈነዳና ነጭ ውስጡ ይወጣል። አንዱን አንሺና በጣትሽ ጨምቂው፣ ያጣብቃል። ቅጠሉን አፍሽ ውስጥ ብታደርጊው መራራነቱ እስከ ምሳ ሰዓት አይለቅሽም። በዚያ ሰዓት መንገድ ጠራጊ እናቶች ቅጠሉን በረዥም መጥረጊያ ከዳር እያከማቹ ነው፤ ቁራ ከቁራ ይጨቃጨቃል፤ ጭላት ከላይ ይዞራል። ቀና ብለሽ ወደ ደቡብ ብታዪ የተራራው ግድግዳ ከአናቱ ጀምሮ ወደ ታች ቀስ እያለ ይበራል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይኼ ሁሉ አይኖርም፤ ባጃጁ ይነሣል፣ ፀሐይዋም ትከራለች።

ወፍ ያነሣሁት ለማስዋብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ለንደን የሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች ወፍ ባዩበት ወይም በሰሙበት ጊዜ የተሻለ ስሜት እንደሚሰማቸው በስልካቸው መዝግበዋል፤ ስሜቱም እስከ ስምንት ሰዓታት ለሚደርስ ጊዜ ቆይቷል። የድብርት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይም ታይቷል። ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ከሰካሽ ግን ይህ ሁሉ ያመልጥሻል። ስልክሽን ለደኅንነትሽ ያዢው፣ ቦርሳሽ ውስጥ ይቀመጥ።

የንጋት ጉዞ ለእንቅልፍሽም መድኃኒት አለው። የሰውነታችን ሰዓት የሚሞላው በጠዋት ብርሃን ነው። ዓይን ጠዋት ላይ በቂ የውጪ ብርሃን ሲያገኝ ሰውነት ማታ የሚተኛበትን ሰዓት በልኩ ያዘጋጃል። ከመጋረጃ ጀርባ ተነሥቶ፣ በባጃጅ ሸራ ሥር ሄዶ፣ ኒዮን መብራት ሥር የሚውል ሰው ይህን ምልክት አያገኝም፤ ከዚያም «እንቅልፌ የት ገባ?» ይላል።

ሁለተኛው የድሬ ሜዳ ደቻቱ፣ ከተማዋን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ ነው። በበጋ ሰፊ አሸዋ ነው፤ ግመል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ደስ ይላል፣ ሰማዩም ሰፊ ነው፤ ጣሪያ ሥር ለሚውል ሰው ሰፊ ሰማይ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አንቺ ለአገሩ እንግዳ ስለሆንሽ አጥብቄ የምነግርሽ አለ። በክረምትና በበልግ ወደ አሸዋው አትውረጂ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ያጣው ቤተሰብ አሁንም እዚሁ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። አንቺ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጨረቃ ወጥታ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ተራራ ላይ ግን ዝናቡ ወርዶ አልቆ ውሃው በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ተራራው በደመና ከተሸፈነ ከዳር ሆነሽ ተመልከቺ።

ሳምንቱ ከከበደሽ ደግሞ ደንገጎን ውጪ። የሐረር ሚኒባስ ተሳፍረሽ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር መስኮቱን ክፈቺ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነጠላ ያስፈልግሻል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ በመካከል ያለው ደጋ ከዚያም ይበልጣል። ሀረማያ ላይ ውረጂ። ሐይቁ በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፣ ወፎቹም ተከትለውት መጥተዋል። ዳር ዳሩን መሄድ እግር አያደክምም። ሐረር ከደረስሽ የሀኪም ጋራን ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ውጪው፤ ጁገል ከነሚናሬቶቹ ከእግርሽ ሥር ትዘረጋለች። በወቅቱ ከሆነ መንገድ ዳር ጊሽጣና ዘይቱን ይሸጣል፤ እዚያው ልጠሽ ብዪ፣ ቤት እስኪደርስ ይጎዳል።

እግረ መንገዴን፣ የሚከነክነኝን ልናገር። በዚያው ደንገጎ መንገድ ላይ ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ታገኛለሽ። ከሌሊቱ ተነሥተው ተራራ ላይ የሚውሉት እነርሱ ናቸው፤ «በሳምንት 120 ደቂቃ» የሚለውን በግማሽ ቀን ይጨርሱታል። ጀርባ ላይ ሸክም፣ ልብ ውስጥ የልጆች ምሳ ካለ ግን ተራራው የሥራ ቦታ ነው፤ ዕረፍት አይሆንም። ስለ ተፈጥሮና አእምሮ የሚጻፈው ነገር ሁሉ እነዚህን ሴቶች የሚረሳ ይመስለኛል። ለአንቺም ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ጉዞሽን የግዴታ ሥራ አታድርጊው፣ እርምጃ አትቁጠሪ፣ ስንት ኪሎ ቀነስኩ አትበዪ። ሥራ ከሆነ ሌላ ሪፖርት ጨመርሽ ማለት ነው።

ብቻዬን ስንሸራሸር ይለክፉኛል ያልሽው እውነት ነው፤ «አትስሚያቸው» ብዬ አላልፈውም። ንጋት እዚህም ይጠቅማል። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ያሉት ከቤተ ክርስቲያን ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ፣ ከመስጊድ የሚወጡ፣ ዳቦ የሚገዙና ወደ ሥራ የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። ለካፊው ገና ተኝቷል። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት ተመላለሺ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሻይ የምትሸጠዋ፣ የሱቁ ዘበኛ፣ መንገድ ጠራጊዋ ያውቁሻል። ድሬ የለመደችውን ሰው ትጠብቃለች፤ «ዛሬ ምነው ቀረሽ?» ብሎ የሚጠይቅሽ ሲበዛ የሚለክፍሽ ያንሳል። ከአከራይሽ ወይም ከጎረቤት አንዲት እናት ጋር ብትወጪ ይበልጥ ይሻላል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ኖሮባቸው «በእግርሽ ተንቀሳቀሺ» የተባሉ አንዲት እናት በየግቢው አይጠፉም፤ እሳቸውም አብሯቸው የሚሄድ ሰው ፈልገው ይሆናል። ወደ ተራራው ጥግና ሰው ወደማይታይበት ስፍራ ግን ብቻሽን አትሂጂ።

አሁን ስለ በርጫው። ልገሥጽሽ አልፈልግም፤ እዚህ አገር ጫት ቡና ነው፣ እንግዳ መቀበያ ነው፣ ለብዙ ቤተሰብም እንጀራ ነው። ግን የጻፍሽልኝን ራስሽ መልሰሽ አንብቢው። ቅዳሜና እሁድ ቀለል ይልሻል፣ ሰኞ መነሣት ያቅትሻል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚያነቃቃ ነው፤ ምርቃናው ሲያልፍ ስሜት አብሮ ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ብዙ ቃሚዎች ዱካክ የሚሉትም ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቀድሞውንም እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ ሲጨመር ምን እንደሚያደርግ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለዛሬው ርዕሳችን የሚያሳስበኝ ሌላም አለ። በርጫ የሚቀመጡት መስኮት ተዘግቶ ነው፣ የሚዘልቀውም ልክ ከተማዋ ስትቀዘቅዝ ነው። ከሳምንቱ ሁሉ የተሻሉትን ሁለት አመሻሾች ፍራሽ ላይ ተደግፈሽ ታሳልፊያቸዋለሽ። ከጓደኞችሽ ተቆራረጪ አላልኩም፤ ብቻዋን ለምትኖር ሴት ጨዋታው ራሱ መድኃኒት ነው፤ ምናልባትም ያቀለለሽ ቅጠሉ ሳይሆን እነርሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷን እሁድ 11 ሰዓት ላይ ከዚራ ለጭማቂ ጋብዣት። እምቢ ካለች ሌላዋን።

መድኃኒቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። አታቋርጪ። ኒም ሥር መሄድ የታዘዘልሽን ክኒን አይተካም፤ ክኒኑም መሄዱን አይተካም። ለድብርትና ለጭንቀት የሚሰጡ አብዛኞቹ መድኃኒቶች ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በድንገት ሲተዋቸውም ሰውነትን ያስቸግራሉ። መቀነስ ወይም ማቆም ካማረሽ ያዘዘልሽን ባለሙያ ጠይቂ፤ ጫት እንደምትቅሚም ሳትደብቂ ንገሪው፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላልና። በመንፈሳዊ ነገር የምትጽናኚ ከሆንሽም ጸሎቱም ጠበሉም ከክኒኑ ጋር አብሮ ይሂድ። መከፋቱ ሁለት ሳምንት አልፎ ምንም ነገር ደስ የማይልሽ ከሆነ፣ ምግብ ከተዘጋብሽ፣ ይልቁንም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ አንዴም ቢሆን ሽው ካለብሽ፣ ጉዞውን ተዪና በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። ያን ቀን ብቻሽን አትደሪ፤ አንድ ሰው ጥሪ።

የቀረኝ መስኮትሽ ነው፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ቀልቤን የያዘው እርሱ ነበር። በቀን ውስጥ ረዥሙን ሰዓት የምታዪው ተፈጥሮ ያ ባዶ ቦታ ነው። ፊላደልፊያ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ቆሻሻ የሚጣልባቸው 541 ባዶ ቦታዎች በዕጣ ለሦስት ተከፍለው ነበር። አንደኞቹ ተጠርገው ሣርና ጥቂት ዛፍ ተተከለባቸው፣ ሁለተኞቹ ተጠረጉ ብቻ፣ ሦስተኞቹ እንዳሉ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ሣርና ዛፍ ባገኙት ቦታዎች አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎች መከፋት ይሰማናል ማለታቸው ምንም ካልተደረገባቸው ጋር ሲነጻጸር ከ40 በመቶ በላይ ቀነሰ። ድሀ በሆኑት ሰፈሮች ለውጡ ከዚያም በረታ። መጥረግ ብቻውን ግን ይህን ያህል አልረዳም። ይህ ጥናት ከሌሎቹ ይልቅ የሚያሳምነኝ በዕጣ የተሠራ ስለሆነ ነው፤ «ደኅና ሰው ደኅና ሰፈር ይመርጣል» የሚለውን ክርክር ይዘጋዋል።

ተከራይ ነሽ፣ ቦታውም የአንቺ አይደለም። ቢሆንም የሰፈሩ ዕድር ዳኛና ቀበሌው አንቺ የምታዪውን ቆሻሻ ያያሉ፤ አንድ ሰው እስኪያነሣው ነው የሚጠበቀው። መጀመሪያ የማን ይዞታ እንደሆነ ይጣራ፤ ካልሆነ የደከማችሁበትን ችግኝ በማግሥቱ ግሬደር ይነቅለዋል። ከዚያ ሐምሌ ሲገባ ሁለት ሦስት ኒም ይበቃል። ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ ይታጠር፣ በመጀመሪያው በጋ ደግሞ ውሃ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ ከተከላው በፊት ተነጋገሩ። አገራችን ላይ ችግኝ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ፎቶው ከተነሣ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ መስኮትሽ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ጤና አዳም ወይም በሶብላ ትከዪ፤ አትክልት ያጠብሽበትን ውሃ አትድፊ፣ ይበቃዋል። ወንበርሽንም ከቴሌቪዥኑ ወደ ጣሳው አዙሪው።

ባቢሌን ረስቼ አልነበረም። ሂጂ፣ ግን እንደ ሽርሽር እንጂ እንደ ሕክምና አድርገሽ አትቁጠሪው። መጠለያው ሰፊ ነው፣ ዝሆኖቹም ለጎብኚ ተሰልፈው አይጠብቁም፤ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ መጠለያው ጠባቂ፣ አይገባም፣ ረዥም መንገድ ተሄዶም ኮቴና ፋንድያ ብቻ ተገኝቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ሐረር ላይ ጠይቁ፣ ኮፍያና ብዙ ውሃ ያዙ፣ በጠዋት ውጡ። ዝሆኑ ካልተገኘ በዚያው ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ቀጥላችሁ ዳካታ ሸለቆን ተመልከቱ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ እንዴት እንደማይወድቅ ስትከራከሩ ትውላላችሁ። ስትመለሱ የባቢሌ ለውዝ መግዛት አትርሱ፤ የተቆላውን ሳይሆን ከነገለባው ያለውን ግዢ፣ መንገዱ ረዥም ስለሆነ መፈልፈሉ ያጫውታል።